ከአብመድ ወደ አሚኮ፦ በፊደል የተጻፈ የማያ ገጽ መለያ

የፊልምና የቴሌቪዥን ተቋማት በማያ ገጽ ላይ ራሳቸውን የሚያስተዋውቁበት መለያ በብዙ አገር ሥዕል ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የተቋቋመው የፒዮንግያንግ የፊልም ስቱዲዮ ቾሊማ የተባለውን ክንፋም ፈረስ ሐውልት በፊልሞቹ መክፈቻ ማሳየቱ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኢትዮጵያ ግን የመለያው ታሪክ በአመዛኙ የፊደል ታሪክ ነው።

በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ኢቲቪ» ሲባል፣ አጻጻፉ በግእዝ ፊደል ቢሆንም የሚነበበው የእንግሊዝኛ ሆሄያት ስም ነው፤ የአማርኛው የአሕጽሮት ልማድ፣ ማለትም ከየቃሉ የመጀመሪያውን ፊደል ወስዶ መግጠም፣ ተከብሮ ቢሆን ኖሮ «ኢቴ» በተባለ ነበር። ተቋሙ በ2006 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን ሆኖ ሲደራጅም በአብዛኛው የተባለው «ኢቢሲ» እንጂ «ኢብኮ» አይደለም። ኢሕአፓንና ኢሕአዴግን ያስገኘው ልማድ በፖለቲካው መንደር ሲጸና ከቴሌቪዥኑ ደጃፍ መመለሱ ያስገርማል።

በባሕር ዳር ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. በኩር ጋዜጣን ማሳተም የጀመረውና በኋላ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የጨመረው የክልሉ ተቋም፣ የአማራ ብዙኃን መገናኛ ድርጅት በተባለበት ጊዜ አሕጽሮቱ «አብመድ» ነበር፦ አ ከአማራ፣ ብ ከብዙኃን፣ መ ከመገናኛ፣ ድ ከድርጅት። ላልለመደው ጆሮ የሰው ስም ይመስላል፤ ከአህመድ የሚለየው በአንዲት ፊደል ብቻ ነውና። ተቋሙ አማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን ሲሆን ደግሞ በዚያው ስልት «አሚኮ» ተባለ። ብ እና ድ የተባሉት ሳድሶች ስለቀሩ አዲሱ ስም ለአፍ ቀሎታል፤ ሆኖም «ብዙኃን መገናኛ» እና «ድርጅት» የተባሉት የአገር ቃላት ለ«ሚዲያ» እና ለ«ኮርፖሬሽን» ቦታቸውን ለቀዋል። ስለዚህ አሚኮ በአሠራሩ አማርኛ፣ በቃላቱ ግን በአመዛኙ የውጭ ነው፤ አብመድ በሁለቱም አማርኛ ነበር፤ እንደ ስም ሲመዘንም የተሻለው እርሱ ነበር።

በዜናዎቹ መግቢያ ላይ፣ ከከተማውና ከቀኑ ቀጥሎ፣ በቅንፍ ውስጥ ዛሬ የሚነበበው ግን «አሚኮ» ነው።