ሬዲዮን ከመስማት ወደ ማየት

ሬዲዮ ወደ አገራችን ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ነገር ግን በጆሮ የምንሰማውን ሞገድ ተማሪ ሁሉ በዓይኑ ሊያየው የተቻለው ገና በቅርቡ ነው። ይህም እንዴት እንደ ሆነ በአጭሩ እገልጻለሁ።

ሄንሪክ ኸርዝ የተባለው የጀርመን ሊቅ የሬዲዮ ሞገድ መኖሩን በ1880 ዓ.ም. በሙከራ አረጋገጠ። ከዚያም ኃምሳ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1927 ዓ.ም.፣ በውጭ አገር ኩባንያ የተሠራው የአቃቂ ሬዲዮ ጣቢያ ተመረቀ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድምፃቸውን ለዓለም ያሰሙት ከዚህ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ተከፍቶ፣ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ባላቸው ሁለት ማሠራጫዎች እስከ እስያ ድረስ ይሰማ ነበር፤ በ1969 ዓ.ም. መንግሥት ወረሰው።

ጣቢያ ሲበዛ ድምፅ ከድምፅ እንዳይቀላቀል ለእያንዳንዱ የራሱ ፍሪኩዌንሲ ይሰጠዋል። የትኛው የት እንዳለና ምን ያህል እንደሚበረታ የሚያሳየው መሣሪያ ስፔክትረም አናላይዘር ይባላል። ይኸውም ከዳር እስከ ዳር እየቃኘ የየጣቢያውን ኃይል በመስተዋቱ ላይ እንደ ተራራ ይሥላል። ዋጋው ግን ከብዙ ትምህርት ቤት አቅም በላይ ነው።

ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ የሬዲዮ ወዳጆች ከአሮጌ ቴሌቪዥን ውስጥ የጣቢያ መምረጫውን አውጥተው፣ ቀስ በቀስ ከፍ የሚል ቮልቴጅ እየሰጡ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እንዲሻገር በማድረግና ከኦሲሎስኮፕ ጋር በማገናኘት በቤታቸው ይሠሩት ጀመር። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ አንቲ ፓሎሳሪ የተባለው የፊንላንድ ሰው፣ ኮምፒዩተር ላይ የምትሰካ አንዲት ትንሽ የቴሌቪዥን መቀበያ ሞገዱን ወደ ቁጥር ለውጣ እንደምታቀብል ደረሰበት። ሌሎችም ፕሮግራም ጽፈው ለሁሉ በነጻ ሰጡ። በ20 ዶላር ገደማ የምትገዛው ይህች ዕቃ ከ24 እስከ 1,700 ሜጋኸርዝ ገደማ ትቃኛለች። በአንድ ጊዜ የምታየው 2 ሜጋኸርዝ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፣ ፕሮግራሙ ቁራጩን ከቁራጭ ይቀጥላል።

ለኤፍ ኤም ጣቢያ 75 ሳንቲሜትር የሆነ ሽቦ ለአንቴና ይበቃል፤ የ100 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ነውና ይህ ሩቡ ነው። የኤፍ ኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ኮረብታ ይጋርደዋል። በኮረብታ የተከበበችው ከተማችን አዳማም ለዚህ ጥናት የተመቸች ናት። ተማሪ መሣሪያውን ከመሐል ከተማ ወደ ኮረብታው ራስ፣ ከዚያም ወደ ሞጆ፣ ወደ ባቱና ወደ ሻሸመኔ ቢወስደው፣ በመስተዋቱ ላይ የትኛው ጣቢያ እንደሚደክምና የትኛው እንደሚበረታ ሊመዘግብ ይችላል። መሣሪያው አንዱን ከሌላው ለማወዳደር እንጂ ትክክለኛውን ኃይል ለመናገር እንደማይበቃ ግን ማወቅ ይገባል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኢ.ቲ.3.ኤ.ኤ. በሚል የጥሪ ምልክት የታወቀ የአማተር ሬዲዮ ክበብ አለ። እኛም በሳይንስ ክበባችን እንዲህ ያለውን መሣሪያ ብንሠራ፣ የአቃቂን ጣቢያ ከውጭ ሰው እጅ የተቀበሉት አባቶቻችን ያላገኙትን ዕድል እናገኛለን፤ እርሱም አሠራሩን በገዛ እጅ ሠርቶ ማወቅ ነው።