ዜና መርፌ

የእንግሊዝ ሰዎች የንጉሣቸውን የቻርልስን አንገት በቆረጡ በሰባተኛው ዓመት፣ ኦሊቨር ክሮምዌል አገሩን በሚገዛበት ዘመን፣ በኦክስፎርድ ከተማ ክሪስቶፈር ሬን የሚባል ወጣት ሊቅ ነበረ። ዓመቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1656 ነበር፤ ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። ይህ ሬን ኋላ የለንደኑን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ያነጸው ነው፤ በዚያ ወራት ግን ልቡ በከዋክብትና በእንስሳት ሥጋ ምርምር ተይዞ ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ ሐኪሙ ዊልያም ሃርቪ ደም ከልብ ወጥቶ በሰውነት ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ በ1628 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቶ ነበር። ደም የሚዞር ከሆነ በአንዲት ሥር የገባ ነገር ወደ አካል ሁሉ ይደርሳል ማለት ነውና፣ ሬን ይህን ሊፈትን ተነሣ።

ለዚህ ሥራ የሚሆን መሣሪያ ግን በዓለም አልነበረም። ስለዚህ የላባ ዘንግ ወስዶ አሾለው፤ በሌላው ጫፍ የእንስሳ ፊኛ አሰረበት፤ ፊኛውንም ፈሳሽ ሞላው። ወዳጁ ሮበርት ቦይል ውሻ አቀረበለት። የኋላ እግሩን ደም ሥር ገልጠው በወይን የተበጠበጠ ኦፒየም ጨመሩበት። ውሻው ወዲያው ደነዘዘ። እንዳይሞትባቸውም እየገረፉ አስሮጡት፤ ዳነም፤ ወፈረም። ቦይል እንደ ጻፈው፣ ዝናው በአገሩ ስለ ተሰማ ውሻውን ሌባ ሰረቀው። ፈሳሽ መድኃኒትን በደም ሥር የማስገባት ነገር በዚህ ተጀመረ። በዚያች ቀን በሥጋ ላይ የተከፈተው በር ሕይወትንም ሞትንም እኩል የሚያስገባ መሆኑን ግን የተረዳ አልነበረም፤ ይህን ለመረዳት ሦስት መቶ ዓመት ፈጀ፤ ብዙ ነፍስም ጠፋ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሉዊ 14ኛ በፈረንሳይ በነገሠበት ዘመን፣ በ1667 ዣን ባቲስት ደኒ የተባለ ሐኪም የበግ ግልገል ደም ወስዶ በትኩሳት ለደከመ የ15 ዓመት ልጅ ሰጠ፤ ልጁም ተረፈ። ነገር ግን የጥጃ ደም የተሰጠው ሌላ ሰው ሞተና ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ከዚያም በኋላ የፓሪስ ሐኪሞች ጉባኤ ሳይፈቅድ ይህ ሥራ እንዳይሠራ ታዘዘ። ጀምስ ብለንደል በ1818 በለንደን ከሰው ለሰው እስኪሰጥ ድረስ ደም መስጠት 150 ዓመት ያህል ተዘግቶ ኖረ። የሰው ደም በዓይነት የተለያየ መሆኑን ካርል ላንድስታይነር የገለጠውም ገና በ1901 ነው።

አሁን ወደ ቶማስ ላታ ነገር እንመጣለን፤ በዚህም ጥቂት እንቆያለን፤ የሚገባውን ያህል ያልተዘከረ ሰው ነውና።

በንጉሥ ዊልያም 4ኛ ዘመን ኮሌራ ከምሥራቅ ተነሥቶ አገር ለአገር እየፈጀ በ1831 መከር ወደ እንግሊዝ ገባ፤ አስቀድሞም በሰንደርላንድ ወደብ ታየ። ዊልያም ብሩክ ኦሾነሲ የተባለ አየርላንዳዊ ወጣት ሐኪም ወደዚያ ወርዶ የሕሙማኑን ደም መረመረ። ከደማቸው ውሃውና ጨው እጅግ እንደ ጎደለም አገኘ፤ የጎደለውም በደም ሥር እንዲመለስ ሐሳብ አቀረበ። በዚያ ወራት ግን ብዙዎቹ ሐኪሞች ኮሌራ ያደረቀውን ሰው መልሰው ደሙን ያፈስሱት ነበር።

በስኮትላንድ፣ በሊዝ ወደብ፣ ላታ የኦሾነሲን ጽሑፍ አንብቦ ሐሳቡን በሥራ ሊያውለው ቆረጠ። በመጀመሪያ የጨው ውሃውን ከታች በኩል ሰጥቶ ሞከረ፤ አልጠቀመም። ከዚህ በኋላ፣ በ1832 ግንቦት፣ ነፍሷ ልትወጣ የቀረበች አንዲት አሮጊት አገኘ። ማንም ያልሄደበት መንገድ ነበርና በፍርሃት ሆኖ በክንዷ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገባ፤ ጨውና ሶዳ የተበጠበጠበትንም ውሃ በመግፊያ ጥቂት በጥቂት ላከ። በመጀመሪያ ምንም ለውጥ አልታየባትም። እርሱ ግን ቀጠለ። ትንፋሽዋ ቀለል እያለ መጣ፤ የጎደጎደው ዓይኗ ተገለጠ፤ የወደቀው አገጭዋ ተነሣ፤ ጠፍቶ የነበረው የልብ ምት በእጅ አንጓዋ ላይ ተሰማ፤ የበረደው ገላዋ ሞቀ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስድስት ፓይንት፣ ይኸውም 3 ሊትር ያህል፣ ገባላት። ሴቲቱም በጠንካራ ድምፅ ደህና መሆኗን ተናገረች፤ ቀልድም ጀመረች፤ የሚያስፈልጋት ጥቂት እንቅልፍ ብቻ እንደ ሆነ አሰበች።

ላታም እንደ ዳነች ቆጥሮ በሆስፒታሉ ሐኪም እጅ ትቷት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ትውከቱና ተቅማጡ ተመለሰ። ውሃውን የደገመላት አልነበረም፤ በአምስት ሰዓት ተኩል ውስጥ ዐረፈች። ላታ ይህን ሳይሸሽግ ጻፈ፤ መድኃኒቱ ቢደገም ኖሮ ትድን እንደ ነበረ ከልቡ ያምን ነበር። ደብዳቤው በሰኔ ወር ላንሴት በተባለው የሐኪሞች መጽሔት ታተመ። ሌሎችም ተከትለውት ሞከሩ፤ ከሞት አፋፍ የተመለሱም ነበሩ። ነገር ግን መድኃኒቱ የሚሰጠው ተስፋው ለተቆረጠ ብቻ ነበር፤ ጨው ከደም ጨው ያነሰ ነበር፤ ውሃው ያልፈላ፣ ዕቃው ያልጸዳ ነበርና ብዙዎች ሞቱ። ላታም ራሱ በማግሥቱ ዓመት በ1833 ሞተ። ወረርሽኙ ሲያልፍ ሥራው ተረሳ። ዛሬ ግሉኮስ ተሰቅሎለት የተኛ በሽተኛ ሁሉ የላታ ባለዕዳ ነው።

ወደ መርፌውም እንመለስ። ንግሥት ቪክቶሪያ በነገሠች በሰባተኛው ዓመት፣ በሰኔ 3 ቀን 1844፣ በደብሊን ከተማ በሚዝ ሆስፒታል ፍራንሲስ ሪንድ የተባለ ቀዶ ሐኪም ለዓመታት በፊቷ ሕመም ስትሠቃይ ለኖረች የ59 ዓመት ሴት ውስጡ ክፍት የሆነ መሣሪያ ሠራ። በአራት ስፍራ ቆዳዋን ወግቶ በሕመሙ ነርቭ አጠገብ ሞርፊን አፈሰሰላት። መግፊያ አልነበረውም፤ መድኃኒቱ በክብደቱ ብቻ ይወርድ ነበር። ሕመሙም በደቂቃ ውስጥ ተዋት፤ በዚያች ሌሊት ለወራት ያላገኘችውን እንቅልፍ ተኛች።

በ1853 ደግሞ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ የአንዱን ሥራ ሳያውቅ፣ መርፌውን ከመግፊያ ጋር አጋጠሙት። በሊዮን ሻርል ፕራቫዝ ከብር የተሠራ ትንሽ ሲሪንጅ አሠራ፤ ዘንጉ እንደ ብሎን እየዞረ የሚወርድ ስለ ነበረ የሚገባው ጠብታ በዙር ይቆጠር ነበር። እርሱ የፈለገው ባበጠ ደም ሥር ውስጥ ደምን የሚያረጋ የብረት ውሁድ ማስገባት ነበር፤ በእንስሳት ላይ ፈትኖ በዚያው ዓመት ሞተ። በኤዲንብራ አሌክሳንደር ውድ በመስታወት ሲሪንጅ ሞርፊን ከቆዳ በታች ሰጠ፤ በ1855ም ሥራውን አሳተመ። ውድ መድኃኒቱ የሚሠራው በተወጋበት ስፍራ ብቻ ነው ብሎ ያምን ነበር። የለንደኑ ቻርልስ ሃንተር ግን የትም ቢወጋ ወደ አካል ሁሉ እንደሚደርስ አስረዳ። ሁለቱም በጽሑፍ ብዙ ተከራከሩ፤ እውነቱ ከሃንተር ጋር ነበረ።

የውድ ሚስት በሞርፊን መርፌ ሱስ ተይዛ የሞተች የመጀመሪያዋ ሰው ናት የሚል ወሬ በብዙ መጻሕፍት ተጽፎ ይገኛል። ሐሰት ነው። ውድ በ1884 ሞተ፤ እርሷ ከእርሱ በኋላ ዓመታት ኖራለች። ሱሱ ራሱ ግን እውነት ነበረ። ሐኪሞቹ በመርፌ የገባ ሞርፊን ሱስ አያስይዝም ብለው ተስፋ አድርገው ነበርና፣ መሣሪያውን ለበሽተኛው ራሱ ሰጥተው እስከ መሄድ ደረሱ። ስለዚህ ብዙ ቤት ፈረሰ።

በ1894 ፓሪስ ላይ ሉዌር የተባለ የሕክምና መሣሪያ ሠሪ ቤት ሁለንተናው መስታወት የሆነ ሲሪንጅ አወጣ። ቆዳና ጎማ አልነበረበትምና በፈላ ውሃ ቢቀቀል አይበላሽም ነበር። በ1898 ቤክተን ዲክንሰን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የመሥራቱን መብት ገዛ። በ1922 ጥር በቶሮንቶ ከተማ ኢንሱሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ የ14 ዓመት ልጅ ሲሰጥ፣ መንገዱ መርፌ ነበረ።

ነገር ግን አንድ ምሥጢር ሳይፈታ ቀርቶ ነበር። ዕቃው ተቀቅሎ፣ ውሃው ተጣርቶ፣ ጨው በልክ ሆኖ ሳለ፣ በደም ሥር ፈሳሽ የተሰጠው ሰው በድንገት ይንቀጠቀጥና በትኩሳት ይቃጠል ነበር። አንዳንዱ መድኃኒቱን፣ አንዳንዱ የበሽተኛውን ገላ ይከስስ ነበር። ይህን የፈታችው ፍሎረንስ ሳይበርት ናት። በሦስት ዓመቷ ፖሊዮ ይዟት እያነከሰች ያደገች የፔንሲልቬንያ ልጅ ነበረች። በ1923 በዬል ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ስትማር ይህን ትኩሳት መረመረች። ጥፋቱ የተገኘው ሁሉ ንጹሕ ነው ብሎ በሚያምንበት በተጣራው ውሃ ነበር። ውሃ እንደ አረቄ ፈልቶ በእንፋሎት ሲወጣ፣ ከሚንተከተከው ውሃ ረቂቅ ፍንጥቅጣቂ ከእንፋሎቱ ጋር ይሻገራል፤ የባክቴሪያ መርዝም ተሸክሞ ያልፋል። ባክቴሪያው በሙቀት ሞቷል፤ መርዙ ግን አልሞተም። ሳይበርት ፍንጥቅጣቂውን የሚይዝ መከልከያ ያለው ማጣሪያ ሠራች፤ ትኩሳቱም ቀረ። ላታ በ1832 ያላየውን ጠላት ያገኘች እርሷ ናት። ከዚህ በኋላ በ1931 የባክስተር ኩባንያ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ የታሸገ የደም ሥር ፈሳሽ በጠርሙስ መሸጥ ጀመረ፤ ሐኪም ቤቶችም የራሳቸውን ውሃ ከማፍላት ዐረፉ።

አሁን የምንጽፈው የሚያሳዝን ነው። በግብፅ አገር በዓባይ ዳር የሚኖር ገበሬ ከመስኖው ውሃ ቢልሃርዝያ ይይዘው ነበርና፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ መንግሥት ለብዙ ሕዝብ ታርታር ኤሜቲክ የሚባል መድኃኒት በደም ሥር መርፌ ሰጠ። አንዱ ሰው ተደጋጋሚ መርፌ ያስፈልገው ነበር፤ ተሰላፊው ብዙ፣ ሲሪንጁ ጥቂት ነበር፤ መቀቀሉም በሚገባ አልተፈጸመም። በ1980ዎቹ የሚዋጥ መድኃኒት ሲተካው ዘመቻው ቆመ፤ ነገር ግን ሄፓታይተስ ሲ በመርፌው ተሸጋግሮ ከሕዝቡ በብዙዎች ጉበት ውስጥ ገብቶ ነበር። ግብፅም በዚህ በሽታ ብዛት ከዓለም አገሮች ቀዳሚ ሆና ለዓመታት ኖረች። መርፌውን የወጉት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ሕዝባቸውን ሊያድኑ የወጡ ነበሩ።

በዚያው ዘመን በኒው ዚላንድ፣ በቲማሩ ከተማ፣ ኮሊን ሙርዶክ የተባለ የመድኃኒትና የእንስሳት ባለሙያ ከእንስሳ ወደ እንስሳ የሚሻገረው በሽታ አሳስቦት፣ አንድ ጊዜ ተወግቶበት የሚጣል የፕላስቲክ ሲሪንጅ በ1956 አስመዘገበ። ባለሥልጣኖቹ ሐኪሞችና በሽተኞች አይቀበሉትም ብለው ዓመታት አዘገዩት።

ቤንጃሚን ሩቢን ግን ሌላ መንገድ ሄደ። በ1960ዎቹ በአሜሪካ የዋይዝ ኩባንያ ተመራማሪ ሳለ፣ የልብስ ስፌት መኪና መርፌ ወስዶ የቀዳዳውን ጫፍ ሞረደው፤ ሁለት ጥርስ ያላት መንታ መርፌ ሆነች። በፈንጣጣ ክትባት ውስጥ ስትነከር አንዲት ጠብታ በሁለቱ ጥርሶች መካከል ተይዛ ትቀራለች፤ ያቺም ጠብታ ለአንድ ሰው በልክ ናት። ክንድ ላይ 15 ጊዜ ፈጠን አድርጎ መውጋት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። 25 ሰው ይከትብ የነበረ ብልቃጥ 100 ሰው ከተበ። ተቀቅላ ደግማ ደጋግማ ታገለግላለች። ኩባንያውም ለዓለም ጤና ድርጅት የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ የባለቤትነት ክፍያ አልጠየቀም። መድኃኒትን ያለ መርፌ በግፊት የሚረጭ ሽጉጥ መሰል መሣሪያም በዚያው ዘመን ነበረ፤ በሰዓት እስከ ሺህ ሰው ይከትብ ነበር፤ ነገር ግን ሕዝብ ተሰብስቦ ካልጠበቀው፣ ሲበላሽም የሚጠግነው ካልተገኘ ከንቱ ነበረ።

በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ በ1971 ጥር፣ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ ተጀመረ። በዚያ ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ በሽተኞች ተመዘገቡ። ከሕዝቡ የሚበዛው ከመኪና መንገድ የቀን ጉዞ ርቆ ይኖር ነበርና፣ ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ገደል ወጡ፣ ገደል ወረዱ፤ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች፣ ከእነርሱም ጋር የአሜሪካና የጃፓን በጎ ፈቃደኞች፣ ብራዚላዊው ሐኪም ሲሮ ደ ኳድሮስም ነበሩ። ለዚህ መንገድ መንታዋ መርፌ የተሠራች ትመስል ነበር፤ በኪስ ትያዛለች፤ ያላየ ሰው በጥቂት ደቂቃ ይለምዳታል። ሕዝቡ ግን ሁሉ አልተቀበለም። በአገሩ የነበረው ፈንጣጣ የሚገድለው ጥቂቱን ስለ ሆነ የማይፈሩት ነበሩ። በደጋው አገር ደግሞ አባቶች ከበሽተኛ ቁስል ፈሳሽ ወስደው በጤነኛ ክንድ ላይ በሚጨምሩበት የቆየ ክትባት ይታመኑ ነበር፤ ያም ጥበብ ነበረ፤ ነገር ግን ሕያው በሽታውን ከቤት ቤት ያሻግር ነበር።

ንጉሡ በ1974 ወረዱ፤ ደርግ ነገሠ፤ በየአውራጃው ተኩስ ሆነ፤ ዘመቻው ግን አልቆመም። በ1976 ነሐሴ በኦጋዴን በረሃ ዲሞ በተባለች መንደር የተገኘው በሽተኛ ለኢትዮጵያ የመጨረሻው ሆነ። በማግሥቱ ዓመት በጥቅምት በሶማሊያ መርካ ከተማ የሆስፒታል ምግብ አብሳይ የነበረው ዓሊ ማው ማሊን ታመመ፤ ዳነም፤ ኋላም ስለ ፖሊዮ ክትባት ሕዝቡን ሲቀሰቅስ ኖረ። ከእርሱ በኋላ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው ሰው በዓለም አልተገኘም። በ1980 ግንቦት የዓለም ጤና ጉባኤ የፈንጣጣን መጥፋት አወጀ።

አንድ መርፌ ለብዙ ሰው እንዳይደጋገም፣ በ1999 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከሌሎች ጋር ሆነው፣ ከ2003 በኋላ ለክትባት ሁሉ ራሱን የሚቆልፍ ሲሪንጅ ብቻ እንዲሠራበት ተናገሩ። ይህ ሲሪንጅ አንድ ጊዜ ተገፍቶ ካለቀ በኋላ ዘንጉ በውስጡ ባለ መያዣ ይጠመዳል፤ ዳግመኛ ቢስቡት አይወጣም። በኢትዮጵያ የገጠር ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕፃኑን በእርሱ ትከትብና፣ ክዳኑን ሳትመልስ ወዲያው ሴፍቲ ቦክስ በሚባለው የመርፌ መጣያ ሣጥን ውስጥ ትጥለዋለች፤ ለሚቀጥለው ሕፃን አዲስ ትከፍታለች።