የልብ ጤናና የዕለት ምግብ በወልቂጤና በቡታጅራ

የልብ ጤናን የሚደግፍ አመጋገብ ጥራጥሬ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ያልተፈተገ እህል የሚበዛበት፣ ጨው፣ ስኳርና የረጋ ስብ የሚቀንስበት የዘወትር ምግብ ነው። በጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ወልቂጤና በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ቡታጅራ ለዚህ የሚስማሙት ምግቦች አብዛኞቹ ከጥንት ጀምሮ በገበታው ላይ ያሉ ናቸው።

ቆጮ፣ ጎመንና አይብ

ቆጮ ከእንሰት ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ የሚጋገር ምግብ ነው። በአብዛኛው ስታርች ሲሆን ስቡም ፕሮቲኑም ጥቂት ነው። ስለዚህ ከጥራጥሬ ወጥ ወይም ከአይብ ጋር ሲበላ ይሟላል። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ አነስተኛ ነው። ጎመን የደም ግፊትን ለመቆጣጠር የሚረዳ ፖታሲየም አለው፤ በቅቤ ሲታሽ ግን ስቡ ይጨምራል። በደጋው የሚበቅለው ገብስ፣ ቆሎ ሆኖም ይሁን በሶ፣ ኮሌስትሮልን የሚቀንስ አሰር ይዟል።

ክትፎና ቅቤ

ክትፎ የሚከተፈው ጮማና ጅማት ከተለየለት ቀይ ሥጋ ነው፤ አብዛኛው ስቡ የሚመጣው ከንጥር ቅቤው ነው። የንጥር ቅቤ ስብ ከግማሽ በላዩ የረጋ ስብ ሲሆን፣ ይህ ዓይነቱ ስብ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል። ክትፎ ለክርስቲያኑ የመስቀል፣ ለሙስሊሙ የአረፋ ድግስ ነው፤ በክትፎ ቤቶች ግን በአዘቦት ቀንም ይገኛል። ለልብ ወሳኙ በዓመት አንዴ መበላቱ ሳይሆን በሳምንት ስንቴ፣ በስንት ቅቤ መበላቱ ነው። ለዘወትር ወጥ የኑግ ዘይት ከሚረጋው የፓልም ዘይት ይመረጣል።

ጨው

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ የተካሄደ አገር አቀፍ ጥናት ግን አማካዩ 8.3 ግራም መሆኑን አሳይቷል። ሚጥሚጣና ድልህ ራሳቸው ጨው ስላላቸው፣ በወጡ ላይ ሌላ ጨው ሲጨመር መጠኑ ሳይታወቅ ያልፋል።

ጥንቃቄ

ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብ በር የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ በሽታ በአመጋገብ የሚመጣ አይደለም። ለዚህ ሕመም ዋርፋሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የታዘዘላቸው ሰዎች ጎመን መተው አይጠበቅባቸውም፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ስለሚያዳክም የሚበሉት መጠን ከሳምንት ሳምንት እንዳይለዋወጥ ይመከራል።