ሳይታከም የሚያድር አፕኒያ እና የ3.3 ሰዓቱ ሕክምና

በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚያድርበት ሕመም፣ ማለትም የእንቅልፍ አፕኒያ፣ ካልታከመ ለደም ግፊት እንደሚዳርግና መሪ የያዘን ሰው ለአደጋ እንደሚያጋልጥ ብዙም አያከራክርም። የሚያከራክረው የልብ ጉዳይ ነው።

ማክኢቮይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት የልብ ወይም የአንጎል ደም ሥር ሕመም ያለባቸውን 2,717 ሰዎች በአማካይ ለ3.7 ዓመት ተከታትሏል። የአየር ግፊት መሣሪያ (ሲፓፕ) ከተሰጣቸው 17 በመቶው፣ ካልተሰጣቸው ደግሞ 15.4 በመቶው ለልብና ደም ሥር አደጋ ተዳርገዋል። ከዚህ ተነስተው ብዙዎች «አፕኒያን ማከም ልብን አይታደግም» ይላሉ። ጥናቱ ግን ይህን አላሳየም።

ተሳታፊዎቹ መሣሪያውን የተጠቀሙት በአማካይ በሌሊት 3.3 ሰዓት ብቻ ነው። ቀን ክፉኛ የሚያንቀላፉና ኦክስጅናቸው እጅግ የሚወርድ ሰዎች ደግሞ ከጅምሩ አልተካተቱም። በጣም የሚያሳስቡን ሕመምተኞች ግን እነዚሁ ናቸው።

ሰዓቱም ራሱ ወሳኝ ነው። ጉሮሮ ሲዘጋ ደረት አየር ለመሳብ ይታገላል፤ ኦክስጅን ይወርዳል፤ አንጎል ይባንናል፤ የደም ግፊት ያሻቅባል። ይህ ዑደት የሚከፋው ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል ሲሆን እሱም የሚበዛው ወደ ንጋት ነው። መሣሪያውን እኩለ ሌሊት ላይ ያወለቀ ሰው ለዚህ ሰዓት ያለ መከላከያ ይደርሳል። ጋሚና ባልደረቦቹ በ2005 እንዳሳዩት፣ በድንገተኛ የልብ ሞት ከሞቱ የአፕኒያ ሕመምተኞች 46 በመቶው የሞቱት ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ አፕኒያ ከሌለባቸው 21 በመቶው።

በዚሁ ዓመት የታተመው፣ ማሪንና ባልደረቦቹ በስፔኗ ሳራጎሳ ያካሄዱት ጥናትም ሊታወስ ይገባል። ስፔናውያን ወንዶችን ለአሥር ዓመት ያህል ተከታትሎ፣ ከባድ አፕኒያቸው ካልታከመላቸው 100 ሰዎች በዓመት 1.06 ያህሉ በልብና ደም ሥር ሕመም እንደሞቱ አስመዝግቧል። በታከሙት ዘንድ ቁጥሩ 0.35፣ በጤነኞች 0.30 ነበር።

«ያልታከሙት ሕክምናውን ያልፈለጉ ናቸው፤ መሣሪያውን አዘውትሮ የሚጠቀም ድሮውንም ለጤናው ይጠነቀቃል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ጥንቃቄ ብቻውን የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። በ2023 የሦስት ሙከራዎችን መረጃ ያጣመረው ትንተናም፣ የማክኢቮይን ጨምሮ፣ በሌሊት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ የተጠቀሙ ሰዎች ተደጋጋሚ አደጋ በ31 በመቶ እንደቀነሰ አግኝቷል።

እርግጥ ነው፣ ተጨማሪ ምርምር ያስፈልጋል። እስከዚያው ግን የ2016ቱን ውጤት ሕመምተኛን ሳያክሙ ለመሸኘት ምክንያት ማድረግ አይገባም። ሐኪም መሣሪያውን ከማዘዝ አልፎ ሕመምተኛው ስንት ሰዓት እንደሚጠቀምበት ሊከታተል ይገባል።