ቶሎ የጨረሰ ይውጣ

ከቁስቋም በሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወርዶ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ለመድረስ ሩቅ አይደለም። ከቅኔ ቤት እስከ ፈተና አዳራሽ ያለው መንገድ ግን ረዥም ነው።

በቅኔ ቤት ተማሪው ሜዳ ወጥቶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ሲሞላለት መጥቶ ለየኔታ ይነግራል። ካልሞላለት ነገም ቀን ነው። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና አንዱን ቀን፣ ሌላውን ወር ብታቆየው ማንም ወረቀት አይነጥቀውም። (የየኔታን አለንጋ ረስቼ አይደለም!) ዐይነ ስውሩም ከዐይናማው እኩል ይቆጥር ነበር፤ ከእነሱ መካከል ስንት ሊቅ ወጥቷል።

በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ተማሪ ሲቀበል ሰዓትም አብሮ ተመዘገበ። የአካል ጉዳት ላለበት ተማሪ የፈተና ሰዓት ማራዘም በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 የተጻፈው በ2001 ዓ.ም. ነው። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል።

መልካም ነው። ግን ተማሪው ሕመሙን አስመስክሮ፣ ስሙን አስጠርቶ ነው ጭማሪውን የሚያገኘው። የሚያፍረውስ? መቼም ጥያቄው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ አስቦ፣ በልቡ ተርጉሞ የሚጽፈውስ? የዚህኛው ሕመም በየትኛው ሐኪም ወረቀት ይጻፋል?

እኔ የምለው፣ ለሁለት ሰዓት የታሰበውን ፈተና ለሁሉም ሦስት ሰዓት ብናደርገው ማን ይጎዳል? ፈታኙ አንድ ሰዓት ይቆም ይሆናል፤ ይቁም። ጥያቄው በሰው የሚነበብለት ዐይነ ስውር ግን ከሦስቱም በላይ ያስፈልገዋል። ለሁሉም ጨምረናል ብለን የእሱን እንዳንቀማው።