ሲሙ የማን ነው? መኪናውስ የት ደርሷል?

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራላችሁ የንጉሥ ወይም የጀግና ታሪክ አይደለም። መገናኛ አካባቢ፣ ከአንድ የመኪና መሸጫ ጎን፣ ጀበና ቡና ከሚፈላበት ሸራ ሥር ተቀምጠው ስለ አንድ ገና ያልደረሰ መኪና ሲጨዋወቱ ስለዋሉ ሰዎች ነው። ነገ እናንተም ቀብድ ይዛችሁ እዚያው በር ላይ ትቆሙ ይሆናልና ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ልጀምር። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ መወሰኑ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ አዲስ የቤት መኪና እገዛለሁ ያለ ሁሉ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዞረ። የኤሌክትሪኩ መኪና በብዛት የሚመጣው ደግሞ ከቻይና ነው። ቢዋይዲው፣ ቻንጋኑ፣ ለቻይና ገበያ ብቻ ተብሎ የተሠራው የቮልስዋገን አይዲ 6 ሳይቀር ከቦሌ እስከ አያት መንገዱን ሞላው። እነዚህ መኪኖች ደግሞ እንደ ድሮዎቹ ቤንዚን ጨምሮ ቁልፍ ማዞር ብቻ አይበቃቸውም። ውስጣቸው ሲም አለ፤ ከፋብሪካው ጋር ይነጋገራሉ፤ ከባለቤቱ ስልክ ጋር ይነጋገራሉ። ቢያንስ በማስታወቂያው ላይ እንዲህ ይባላል።

ወደ ሸራው ልመለስ። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ነበሩ፤ በእጃቸው ሊገዙት ያሰቡትን መኪና ሥዕል ይዘዋል። ከጎናቸው ራይድ የሚሠራ ወጣት አለ። ፊት ለፊት ደግሞ ዕድሜያቸውን በሙሉ በትራንዚተርነት የሠሩ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል።

«እኔ ብዙ አልፈልግም» አሉ መምህርቷ። «ሻጩ ልጅ፣ መኪናዎ የት እንዳለ፣ ባትሪው ስንት እንደቀረው፣ በሩ መቆለፍ አለመቆለፉን በስልክዎ ያያሉ አለኝ። ልጄ ያለችው ቨርጂኒያ ነው። ግማሹን ገንዘብ የምትልከው እሷ ናት። እማዬ ቤት ገባች አልገባች ብላ እዚያ ሆና ብታየኝ ሐሳቧ ይቀንስላታል።»

«ለእኔ ዋናው ቀኑ ነው እትዬ» አለ ወጣቱ። «የድሮዋን መኪናዬን ሸጬ ነው የከፈልኩት። በ90 ቀን ይደርስልሃል ብለውኛል። ቤት ኪራዩንም፣ የልጆቹንም ቀለብ የያዝኩት ለ90 ቀን ነው።»

«ስንተኛው ቀን ላይ ነህ?» አሉት ጋሼ።

«መቶ ሊሆነኝ ነው።»

ማንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገረም። ቡናው ተቀዳ።

በዚህ መሐል ቡና ሊጠጣ የመጣ አንድ ባለ ፋርማሲ ጨዋታውን ሰማና ተቀላቀለ። እሱ የኤሌክትሪክ መኪና ከያዘ ቆይቷል። «እኔንም ቀድሞ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ጥሩ ነበር፤ ኑ የእኔን እዩ» ብሎ ወደ ቆመችው መኪናው ወሰዳቸው። በሩን በካርድ ከፈተ። ከመሪው ጎን ያለው ትልቅ ስክሪን በርቶ በቻይንኛ ሰላምታ ሰጣቸው፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ ተቀየረ። የስክሪኑን ጥግ በጣቱ አሳያቸው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ መኪናዋ ግን ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ናት። የቤጂንግ ሰዓት ከአዲስ አበባ 5 ሰዓት ይቀድማልና።

«ይሄ ቀላል ይመስላል አይደል?» አላቸው። «መብራት ጫና በማይበዛበት እኩለ ሌሊት ላይ ቻርጅ እንድታደርግ ብዬ ሰዓት ሞላሁላት። ለእሷ እኩለ ሌሊት ማለት ለእኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እራት ሲሠራ፣ ምድጃው ሁሉ ሲበራ፣ የእኔ መኪና መሳብ ትጀምራለች። ፊውዙ በየምሽቱ እየወደቀ ቤተሰቡ በጨለማ ሲቀመጥ፣ ምክንያቱን እስካውቅ ድረስ ኤሌክትሪሺያን ስጠራ ከረምኩ።»

«ስልክህስ? ከስልክህ አታዛትም?» ጠየቁት መምህርቷ።

ስልኩን አወጣ። አፑ የሚጠይቀው የቻይና ስልክ ቁጥር ነው። ቁጥር የለውም። የመኪና ስክሪን ቋንቋ የሚለውጡ ልጆች በፍላሽ እንግሊዝኛ ጭነውለታል፤ አፑን ግን ሊከፍቱለት አልቻሉም። ሆትስፖት ሰጥቷት ሙዚቃና ካርታ ትሠራለች፤ በርቀት መቆለፍና ባትሪ ማየት ግን አልሆነም።

እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ልግባና ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። እናንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ስልካችሁ ላይ «ቆልፍ» ስትሉ ትእዛዙ በቀጥታ ወደ መኪናው አይሄድም። መጀመሪያ አምራቹ ወዳለው ሰርቨር ይሄዳል፤ ሰርቨሩ ይህ ስልክ የዚህ መኪና ባለቤት ስልክ ነው ወይ ብሎ መዝገቡን ያያል፤ ከዚያ መኪናው ውስጥ ባለው ሲም በኩል ትእዛዙን ይልካል። ስለዚህ ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ አካውንት፣ ሰርቨርና ሲም። ለቻይና ገበያ የተሠራው መኪና ሲሙ የቻይና ቴሌኮም ኩባንያ ሲም ነው፤ ሰርቨሩም የዚያው አገር ነው። ሆትስፖት የምትሰጡት ለስክሪኑ እንጂ ለውስጡ ሲም ስላልሆነ በርቀት የሚሠራውን ነገር አያስነሳውም። የካርድ ቁልፍና ብሉቱዝ ግን ሰርቨር ስለማይጠይቁ ይሠራሉ። ሻጩ ማሳያ ክፍሉ ውስጥ ስልኩን አውጥቶ በሩን ሲከፍትላችሁ አጠገቡ ስለሆነ በብሉቱዝ እየከፈተ ሊሆን ይችላል። ራቅ ብሎ፣ ብሉቱዙን አጥፍቶ እንዲከፍት ጠይቁት።

ሌላም አለ። አንዳንዱ መኪና ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ሆኖ ሳለ መጀመሪያ ቻይና ውስጥ በነጋዴ ስም ተመዝግቦ፣ ከዚያ ያገለገለ ተብሎ ወደ ውጭ ይላካል። እንዲህ ያለው መኪና የመጀመሪያው አካውንት ባለቤት እዚያው ያለው ነጋዴ ነው። እሱ ካልፈታው አዲሱ ባለቤት ሊብሬውን ቢይዝም በአምራቹ መዝገብ ላይ እንግዳ ነው። ለውጭ ገበያ ተብሎ የተሠራው ግን ሌላ ነው፤ የራሱ አፕና የራሱ ሰርቨር አለው። እሱንም ቢሆን የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ አለ፦ በአፑ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ አለች ወይ?



ጋሼ እስከዚህ ድረስ ሰምተው ዝም ብለው ነበር። ወደ ሸራው ሲመለሱ ወጣቱን «ውልህን አምጣ» አሉት። ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«90 ቀን ይላል። ግን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚለው?»

ወጣቱ አጎንብሶ አየ። «ባንኩ ኤልሲ፣ ማለት ለውጭው ሻጭ የክፍያ ዋስትና፣ ከከፈተበት ቀን ጀምሮ።»

«ተከፍቷል?»

አያውቅም። እሱ ሲቆጥር የነበረው ብሩን ካስገባበት ቀን ነበር።

«መንገድ ላይ ነው ይሉሃል» አሉት ጋሼ። «የትኛው መንገድ? ፋብሪካ በር ላይ ያለም መንገድ ላይ ነው። መርከብ የሚጠብቅም መንገድ ላይ ነው። ጂቡቲ የቆመም፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ፍተሻ የሚጠብቅም መንገድ ላይ ነው። ከጂቡቲ እስከዚህ ባቡሩ 752 ኪሎ ሜትር ነው፤ በአንድ ቀን ገደማ ይደርሳል። ሰው የሚያረጀው ሐዲዱ ላይ ሳይሆን ወረቀቱ ላይ ነው። የባንክ ፈቃድ፣ ኤልሲ፣ የጉምሩክ ዋጋ ትመና፣ ዲክላራሲዮን፣ ከዚያ ታርጋ። ስለዚህ ቀን አትጠይቅ፤ የሻንሲ ቁጥር ጠይቅ።»

የሻንሲ ቁጥርን ነገር በወረቀት ናፕኪን ላይ ጻፉላቸው። 17 ፊደልና አኀዝ ነው። ቻይና ከተሠራ በኤል ይጀምራል። አሥረኛው ምልክት የሞዴሉን ዘመን ይናገራል፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ፒ ከሆነ 2023፣ አር ከሆነ 2024፣ ኤስ ከሆነ 2025 ነው። የሻንሲ ቁጥር ከሌለ ለአንተ ተብሎ የተለየ መኪና የለም፤ ያለው ተስፋ ነው። የሻንሲ ቁጥር ያለው መኪና መርከብ ላይ ተጭኖ ከሆነ ደግሞ ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ማለት የጭነት ሰነድ፣ ይኖረዋል፤ የሰነዱን ወይም የኮንቴነሩን ቁጥር ይዞ ማንም ሰው የመርከብ ድርጅቱን ጠይቆ የት እንደደረሰ ማወቅ ይችላል።

«ቢቀርስ?» አሉ መምህርቷ። «ገንዘቡስ?»

ጋሼ ሕጉን በቃላቸው ያውቁታል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ስለ ቀብድ ሲናገር፣ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ ቀብድ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል ይላል፤ ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር። የወጣቱ ውል ግን «ሌላ ነገር» ተስማምቷል፤ በባንክና በወደብ ምክንያት ለሚመጣ መዘግየት ሻጩ ተጠያቂ አይደለም የሚል አንቀጽ ገብቶበታል። የምንዛሬ ለውጥ ሲመጣ ዋጋው ይስተካከላል የሚልም አለበት። ይሄ ቀልድ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ መዘግየት ለገዢው ትዕግሥት ብቻ አይደለም የሚያስከፍለው፤ ብሩንም ያስከፍለዋል። የዘገየው ሻጩ፣ የሚከፍለው ገዢው! ይህ ፍትሕ አይመስለኝም፤ እንዲህ ያለ አንቀጽ የገባበት ውል ላይ ሰው ሳያነብ መፈረሙ እስካሁን ያበሳጨኛል።

አራቱም ተነሥተው አብረው ወደ መሸጫው ገቡ። ብቻውን ሲጠይቅ «ነገ ና» የሚባለው ወጣት በዚያ ቀን ወንበር ተሰጠው። ሻጩ ደወለ፣ ፋይል አገላበጠ፣ በመጨረሻ የሻንሲ ቁጥሩን ጽፎ ሰጠ። ጋሼ በጣታቸው ቆጠሩ። አሥረኛው አር ነበር።

«የ2025 ነው ብለኸው አልነበረም?» አሉት።

ሻጩ ፊቱ ተለዋወጠ። መኪናው ቀድሞ የተመረተ ሆኖ ጂቡቲ ደርሶ ቆሟል። ወጣቱ ሁለት ምርጫ ቀረበለት፤ የ2025ቱን መጠበቅ፣ ወይም ዋጋው ተቀንሶለት ያለውን መውሰድ። ቀለቡ እያለቀበት ነበርና ያለውን መረጠ፤ ቅናሹን ግን በቃል አልተቀበለም፣ በማኅተም ነው የተቀበለው። አልፈርድበትም። ልጆች ያሉት ሰው ነው።

መምህርቷ ገና አልፈረሙም ነበርና ውላቸውን እንደገና አስጻፉ። ቀኑ የሚቆጠረው ቀብድ ከተከፈለበት ቀን እንዲሆን፣ ቀብዱም ቀብድ ተብሎ እንዲጻፍ፣ የሻንሲ ቁጥሩ እንዲገለጽ፣ የመጨረሻው ክፍያም አፑ በእሳቸው ስልክ፣ በእሳቸው ስም ተከፍቶ መሥራቱ ሲረጋገጥ እንዲሆን። ሻጩ «እንዲህ ያለ ውል ጽፈን አናውቅም» አለ። «ዛሬ ትጽፋለህ ልጄ» አሉት፤ ጻፈ።

የመምህርቷ መኪና ከተባለው ቀን ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ገባ። የርክክቡ ዕለት ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ፣ መምህርቷ ስልካቸውን ሲያወጡ አፑ «ይህ መኪና ሌላ ባለቤት አለው» አለ። ሻጩ «ይሄ ትንሽ ነገር ነው፤ ይፈርሙና በኋላ እናስተካክላለን» አላቸው። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ቻይና ያለው ወኪል ተደወለለት፤ ቤጂንግ መሽቶ ነበርና አላነሣም። መምህርቷ በታክሲ ቤታቸው ተመለሱ። በማግስቱ አካውንቱ ተፈታ። ከመንገድ ማዶ ቆመው፣ ብሉቱዛቸውን አጥፍተው፣ ስልካቸውን ነኩ፤ የመኪናው መብራት ብልጭ ብሎ ተቆለፈ። ቀሪውን ገንዘብ ያስተላለፉት ከዚያ በኋላ ነው።

ቨርጂኒያ ያለችው ልጃቸው ግን እስካሁን እናቷን በስልኳ አታይም። መምህርቷ አንድ ጥያቄ ቀርቷቸዋል። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አላት፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። መኪናዬ የት እንደዋለና የት እንዳደረ የሚያውቀው ማን ማን ነው፣ መረጃውስ የት ነው የሚቀመጠው ብለው ሻጩን በደብዳቤ ጠይቀዋል። መልሱ በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ ልጃቸውን አፑ ላይ አልጨመሩም። ሻጩ አስመጪውን ጠይቄያለሁ ይላቸዋል፤ አስመጪው ደግሞ አምራቹን ጠይቄያለሁ ይላል። በየሰኞው ይደውላሉ።