ዜና ኮተን ዘድሬዳዋ

ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ሐርላ የምትባል የገጠር መንደር አለች። ገበሬው ሲያርስ ዶቃ ያነሣል፤ ቤት ልሥራ ብሎ መሬቱን ሲቆፍር ጥርብ ድንጋይ ይገጥመዋል። ድንጋዩ ትልልቅ ነውና የአገሩ ሰው «ይህንን የተሸከሙት ግዙፋን ናቸው» ሲል ኖረ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው አርኪዮሎጂስት ቲሞቲ ኢንሶል ከባልደረቦቹ ጋር ቢቆፍር፣ የ12ኛው መቶ ዘመን መስጊድ፣ የጌጣጌጥ መሥሪያ፣ የግብፅ ገንዘብና የቻይና ሸክላ ስብርባሪ አገኘ። መቃብሩም ሲከፈት የተገኘው አጥንት የእኛን ያህል ሰው አጥንት ሆነ። ይህ ከተሰማ በኋላም ቢሆን የግዙፋኑ ወሬ ከመንደሩ አልጠፋም።

የዚህ ዜና ጸሐፊ ነገሩን ከሐርላ የጀመረው ድሬዳዋም የራሷ ግዙፋን ስለነበሯት ነው። ስማቸው ኮተን ይባላል።

በ1895 ዓ.ም.፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ሐረር ይደርሳል ሲባል ተራራው ከበደውና ከሥሩ በሜዳው ላይ ቆመ። በቆመበትም ከተማ በቀለ። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ዐረቡና ፈረንሳዩ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪውና ከአማራው ጋር አንድ ገበያ ዋለ። ደቻቱ የሚባለው የአሸዋ ወንዝ ከተማይቱን ለሁለት ከፈላት፤ በወዲህ ከዚራ ከነጥላ ዛፎቹ፣ በወዲያ መገላ ከነገበያው። ወንዙ በበጋ ውኃ የለውም። ውኃ የሌለው ሰፊ አሸዋ ደግሞ ለልጅ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው፤ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ይጠቀጠቃል፣ በሲባጎ ይታሰራል፣ ሁለት ድንጋይ ወዲህ ሁለት ድንጋይ ወዲያ ይቀመጣል።

ጨርቁ ደግሞ በድሬ ሞልቶ ነበር። በጣልያን ዘመን የተተከለው የጥጥ ፋብሪካ ጣልያን ከሄደ በኋላም ሲፈትልና ሲሸምን ኖረ። ፋብሪካው ለሠራተኛው ደመወዝ፣ ለከተማው ስም፣ ለሰንበት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቡድን ሰጠ። የማኅበሩ ስም በፈረንጅ አፍ ስለነበረ ደጋፊው ያንኑ ቆርጦ «ኮተን» አለው። ሽመና ቤት የሚሠራው አባት፣ ድር የምታጠነጥነው እናት፣ በደቻቱ አሸዋ የጨርቅ ኳስ የሚያሳድደው ልጅ፣ ሦስቱም የኮተን ናቸው።

በ1952 ዓ.ም.፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ኮተን የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ዋንጫ አነሣ። በማግሥቱ ዓመት ዋንጫው ለኢትዮ ሲሚንት ሆነ። በ1954፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ኮተን መልሶ ወሰደው፤ በ1955፣ በዘመነ ሉቃስ፣ አልለቅም አለ። በ1956 ሲሚንት ነጠቀው። በ1957፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ኮተን አስመለሰው። እንዲህ ሆኖ ስድስት ዓመት ሙሉ የኢትዮጵያ ዋንጫ ከጥጥና ከሲሚንቶ እጅ ሳይወጣ ቀረ። ዘመን መቁጠር የሚወድ ሰው ቢያስተውለው፣ አራቱ የኮተን ዋንጫዎች ለአራቱ ወንጌላውያን አንድ አንድ ደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ግን ጊዮርጊስ መጣና ሦስት ዓመት በተከታታይ ወሰደ። በድሬ ከዚህ በላይ ስለ ጊዮርጊስ ማንሣት አይወደድም።

የዚያ ዘመን አለቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ አሥመራ ላይ ከጣልያናዊ ወታደርና ከኤርትራዊት እናት ተወለደ። በአሥመራ ክለቦች ከተጫወተ በኋላ ወደ ድሬዳዋ ወርዶ የኮተንን መለያ ለበሰ፤ የብሔራዊ ቡድኑም አምበል ሆነ። በ1954 የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደገሰ። የመጡት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፋ ለፍጻሜ ከግብፅ ጋር ገጠመች።

ጥር 13 ቀን ነው፤ ጥምቀት ካለፈ ሁለተኛው ቀን፣ እሑድ። ታቦቱ ገብቷል፣ ጠላው ግን ገና አላለቀም። ግብፆች አገቡ፤ ኢትዮጵያ አቻ አደረገች። ደቂቃ ሳይቆይ ግብፆች ደገሙ፤ ኢትዮጵያ እንደገና አቻ አደረገች። መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 አለቀ። በጭማሪው የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። አምበሉም ወደ ክብር ትሪቡኑ ወጥቶ ዋንጫውን ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አገሩ «ኢትዮጵያ» ሲል ድሬ «ኮተን» አለች። ሁለቱም አልተሳሳቱም።

ከድሬ አዲስ አበባ በሐዲድ 470 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቡድኑን ሊያይ የሚወጣ ደጋፊ ስንቁን በዘንቢል ይዞ፣ በሞቃቱ ሜዳ ከሎኮሞቲቩ ጋር እየተንቀረፈፈ፣ የአዋሽን ድልድይ ተሻግሮ፣ ሽቅብ እጥፍ ወደሚጠጋ ከፍታ ይወጣል። ካፖርት የሌለው የድሬ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ካሸነፉ ብርዱ አይሰማም። ከተሸነፉ ግን ያንኑ ሐዲድ ሲመለሱት እጥፍ ይረዝማል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ላይ ባቡሩ በቆመ ቁጥር የጣቢያው ሰው «ስንት ለስንት?» ብሎ ይጠይቃልና።

በ1957 ዓ.ም. ጥር ወር መጨረሻ የኮተን ስም ባሕር ተሻገረ። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ ለመጨረሻው ምዕራፍ የደረሱት አራት ናቸው፤ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ፣ የማሊው ስታድ ማሊያን፣ የጋናው ሪያል ሪፐብሊካንስ፣ የኢትዮጵያው ኮተን። ስፍራው አክራ፣ የዋንጫው ሰጪ ክዋሜ ንክሩማ። የበረሃ ዳር ከተማ የፋብሪካ ቡድን ከአፍሪካ አራት ኃያላን አንዱ ሆኖ ቆመ። ግማሽ ፍጻሜውን ስታድ ማሊያን 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ዋንጫውንም በኋላ ኦሪክስ ወሰደው። ለደጋፊው ግን ያቺ አንዲት ጎል ኩራትም ቁስልም ሆና ቀረች። በቀትሩ ሙቀት በር ተዘግቶ፣ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ የጫቱ በርጫ ሲሞቅ ክርክሩ ከዚያች ቀን ይጀምራል፤ «ሁለት ጎል ነው የጎደለን፣ አቦ!»

ከዚያም ዘመን ተለወጠ። በ1967፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ደርግ ታላላቆቹን ፋብሪካዎች ወረሰ። ደጋፊው በአዲሱ መዝሙር መካከል የኳሱን ነገር እያሰበ ሳለ፣ በ1968 ያልጠበቀው እንግዳ መጣለት። የአፍሪካ ዋንጫ እንደገና በኢትዮጵያ ሆነ፤ አንዱ ምድብ ለድሬዳዋ ተሰጠ። እነሆ የእንግዶቹ ስም፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳን፣ ዛየር። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊትም ለዓለም ዋንጫ ጀርመን ድረስ ሄዷል። የካቲት 22 ቀን፣ የዓድዋ 80ኛ ዓመት ዋዜማ፣ ናይጄሪያ ይህንኑ ዛየር 4 ለ 2 አሸነፈች። ቀጥሎ ሞሮኮ 1 ለ 0 ረታው። ከሱዳን ጋር 1 ለ 1 ተለያየና አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ከድሬ ተሰናበተ። ሞሮኮ ናይጄሪያን 3 ለ 1 ጥላ ከምድቡ ቀዳሚ ሆነች፤ በመጨረሻም የአፍሪካን ዋንጫ ወስዳ ሄደች። ኢትዮጵያ በአዲስ አበባው ምድብ ወድቃ ቀርታለች። የድሬ ሰው ግን የአገሩ ቡድን ያላሳየውን ኳስ በደጁ ጠግቦ አየ፤ ይህንንም ለአዲስ አበባ ሰው መንገር ደስ ይለዋል።

ደስታውም 17 ወር ቆየ። በነሐሴ 1969 የሶማሊያው የዚያድ ባሬ ጦር እስከ ድሬዳዋ ዳርቻ ደርሶ፣ እንግዶች ኳስ ባዩባት ከተማ የመድፍ ድምፅ ተሰማ። ከተማይቱ አልተያዘችም። ብዙ ሰው ግን ከዚያ ወዲህ ጊዜን ሲቆጥር «ከጦርነቱ በፊት፣ ከጦርነቱ በኋላ» ይላል፤ የኮተንም ዋንጫዎች ሁሉ ከ«በፊት» ወገን ሊቀሩ ነበር።

አልቀሩም። በ1975 ዓ.ም.፣ ደግሞም በዘመነ ሉቃስ፣ የጥጡ ፋብሪካ ቡድን ከ18 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1957 በአባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጦ ያየ ልጅ አሁን ልጁን በትከሻው ተሸከመ። አምስተኛው ዋንጫ ይህ ነው፤ መጨረሻውም ይኸው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጸሐፊው በአጭሩ ያልፈዋል፤ ረጅም ነውና። የፋብሪካ ቡድን ነፍሱ በደመወዝ መዝገብ ላይ ናት። ማሽኑ ሲያረጅ፣ ሠራተኛው ሲቀነስ፣ የውጭ ልብስ ገበያውን ሲሞላ፣ ክለቡም ከሜዳው እየራቀ ሄደ። ቡድኑ ተሸንፎ ቢሆን ደጋፊው ይሰድበው ነበር፤ ሲጠፋ ግን የሚሰድበው አጣ። የድሮው ባቡርም ዝም አለ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደግሞ ያ ውኃ የለውም የተባለው ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ለጥቂት ጊዜ በድሬ ስለ ኳስ የሚያወራ አልነበረም።

የዚህን ዓይነት ሐዘን የሚያውቅ ሌላ ሰፈር በሜልቦርን አለ። ስሙ ፉትስክሬይ ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት፣ ቡና ሲቆላ ጭሱ እስከ መንገድ የሚወጣበት። የሰፈሩ ክለብ የሚጫወተው የአውስትራሊያን እግር ኳስ ነው፤ እግር ኳስ ይባል እንጂ ኳሱ እንቁላል ቅርጽ ያለው፣ በእጅም የሚያዝ ነው። በአንድ ወገን 18 ሰው ይሰለፋል። አራት ምሰሶ አለ፤ በመካከለኞቹ ያገባ 6 ነጥብ፣ ስቶ በጎን የሰደደም 1 ነጥብ ያገኛል። ለሳተ ነጥብ የሚሰጥ ጨዋታ መኖሩን በርጫ ቤት ቢሰሙ፣ ለአክራው ጨዋታ ስንት እንደሚቆጥሩ እግዜር ይወቅ።

ይህ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1954 ሻምፒዮን ሆነና ከዚያ ዋንጫ አላየም። እ.ኤ.አ. በ1989 ዕዳ ሲበዛበት ሊጉ ከሌላ ክለብ ጋር አጣምሮ ሊያጠፋው ወሰነ። የፉትስክሬይ ደጋፊ ግን ቆርቆሮ ይዞ ቤት ለቤት ዞረ፤ በሳምንታት ውስጥ ከሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥቶ ክለቡን አስቀረ። በኋላ ስሙ ዌስተርን ቡልዶግስ ተባለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 1 ቀን 2016 ሲድኒን 89 ለ 67 አሸንፎ ከ62 ዓመት በኋላ ዋንጫ በላ። አምበሉ ቦብ መርፊ ጉልበቱን ተጎድቶ ያን ቀን አልተጫወተም። አሠልጣኙ ሉክ ቤቨሪጅ ከመድረኩ ጠራውና የራሱን ሜዳሊያ ከአንገቱ አውልቆ አጠለቀለት።

በድሬ ቆርቆሮ የዞረለት አልነበረም። ሰው ሰንፎ አይደለም፤ ክለቡ የፋብሪካው፣ ፋብሪካው የመንግሥት ነበርና፣ ደጋፊው የራሱ ያልሆነውን በምን ስም ይለምንለት?

የኋላ ኋላ ግን ከተማይቱ በራሷ ስም ቡድን አሰለፈች። ድሬዳዋ ከተማ ይባላል፤ መለያው ብርቱካን ነውና «ብርቱካናማዎቹ» ይሏቸዋል። በ2008 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ኑሯቸው በአብዛኛው ወራጅ ቀጠናውን በዓይን እየለኩ መኖር ነው። የድሬ ደጋፊ የነጥብ ሰንጠረዥ የሚያነበው ከታች ወደ ላይ ሆነ። በ2013፣ በኮሮናው ዘመን፣ ሊጉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲካሄድ ድሬዳዋም አስተናጋጅ ሆነች፤ በ1968 ዛየር ያዘነባት ከተማ እንደገና የሩቅ ቡድኖችን በሙቀቷ አላበች፤ ጨዋታውም በዲኤስቲቪ ለአፍሪካ ታየ።

በመስከረም 2015 ሉቺያኖ ቫሳሎ በጣልያን አገር በ87 ዓመቱ ዐረፈ። ደርግን ሸሽቶ ከወጣ ወዲህ ኑሮው እዚያው ነበር።

ከ1975 ወዲህ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫ ወደ ድሬዳዋ አልወረደም። በርጫ ቤት የፉትስክሬይን ነገር የሰማ ሰው ካለ፣ ስሌቱ ቀላል ነው፤ በ1975 ላይ 62 ቢደመር 2037 ዓ.ም. ይሆናል፤ ዘመኑም፣ እንደ አክራው ዓመት፣ ማቴዎስ ነው።